አባቴ በረኛ የሆነ ዓመት

ባለፈው ጥቅምት የአጎቴ ልጅ ከቆቦ ሲመጣ አንድ እቅፍ የማሽላ እሸት ይዞልን መጣ። ባለቤቴ ከሰል ላይ ጣል ጣል ስታደርገው፣ ፍሬው ገና መንጣጣት ሳይጀምር ጭሱ ቤቱን ሞላውና ልጆቼ መስኮት ለመክፈት ተሯሯጡ። ተዉት አልኳቸው። ለእነሱ ጭስ ነው። ለእኔ ግን ወንጭፍ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ደብዳቤ በእጄ ይዤ፣ ማማ ላይ ቆሜ የኮራሁበት የአንድ መኸር ሽታ ነው።

ልጆቼ ኮስታራ አባት ነው ይሉኛል፤ አልከራከርም። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የቀረውን መጽሐፍ ከሰው እየተዋስኩ፣ የማላውቀውን ቃል ሰው እያስቆምኩ እየጠየቅሁ ነው ለራሴ ያስተማርኩት። ስለዚህ ልጆቼ ሲያነቡ የማያውቁትን ቃል ዘለው ካለፉ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ቃሉን ሳያውቁት ወደ ሌላ ነገር ማለፍ የለም፤ ምሳም ቢሆን ይቆያል። በዚያን ቀን፣ እሸቱ እየተጠበሰ፣ ትልቋ ልጄ ይህንኑ አንስታ ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ አንድ ቃል ብትዘለል ምን ይጎድላል?»

በቃል ከምመልስላት ብጽፍላት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ የዘለልኩት ቃል እንኳ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ፊደልና አንዲት ጋደም ያለች ጭረት ናት። በእሷ ምክንያት እናቴን ከቤታችን ላስወጣት ነበር።

ዕድሜዬ አሥር ዓመት፣ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲኬድ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከደጃችን ጀምሮ እስከ ዞብል ተራራ እግር ድረስ የሚታየው ማሽላ ነው። የራያ ማሽላ ሰው ይውጣል። ጎርፉን በደንብ የጠጣ ዓመት በበቅሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው።

አባቴ ፈንታው ከመንገዱ ዳር ጫኝና አውራጅ ነበር። ማሳችን ለአንድ ሰው ሥራ እንጂ ለሁለት ስለማይበቃ እርሻው ላይ የሚውለው አያቴ ነው። አባቴ ከመኪና የሚወረወር የሽንኩርት ጆንያ እንደ ሕፃን አቅፎ ሲቀበል አይቻለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ከገበያው ጀርባ ኳስ ይጫወታል፤ ጎል የሚቆመው እሱ ነበር። አያቴ አባ ወዳጆ ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የልጅ አባት የሆነ ሰው አፈር ላይ ሲንከባለል ማየት አይወድም።

በየካቲት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት አመጣለት። አዲስ አበባ አጠገብ ካለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ተገኝቷል ተባለ። አባቴ ለአያቴ የነገረው ይህንኑ ብቻ ነው። ያ ፋብሪካ የኳስ ቡድን እንዳለው፣ የሚፈልጉትም ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ፈርቶ ነው። አባቱን የሚፈራ ሰው ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ይውጣል፤ የተዋጠው ግማሽ ደግሞ አንድ ቀን ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። እናቴ አለሚቱ አንድ ቋጠሮ በሶ አስይዛው እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

ደብዳቤ አንባቢ የሆንኩት በነሐሴ ነው። ቀድሞ የሰፈሩን ደብዳቤ የሚያነብ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። እሱ ካነበበው ግን ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። አያቴ ደግሞ ጉዳዩ በገበያ ሲዞር ከሚሰማ ቢሞት ይመርጣል። መሠረተ ትምህርት ተመዝግቦ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ዓይኔ ደከመ ብሎ ትቶታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ በሾፌር እጅ ሲመጣ ማሳው ውስጥ ወዳለው ማማ ጠራኝ።

ማማው በአራት እንጨት ላይ የቆመ፣ በአገዳ የተረበረበ ቆጥ ነው። እኔና እሱ ወፍ የምንጠብቀው እዚያ ላይ ሆነን ነበር።

«አንብብ፤ ጮክ አትበል» አለኝ።

ደብዳቤውን የጻፈው አባቴ አልነበረም፤ እሱ ከስሙ በላይ መጻፍ አይችልም። የፋብሪካው አንድ ጸሐፊ ነው የጻፈለት፤ ሰውየው ደግሞ እንደ ቢሮ ሰው ሁሉን ነገር አሳጥሮ መጻፍ ይወዳል። ወረቀቱም የታተመ የቢሮ ቅጽ ጀርባ ነበር። እኔ ሰላምታውን በድፍረት አነበብኩ። ከሐሳብና ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ የሚለውንም አነበብኩ። ቀጥሎ እንዲህ የሚል መጣ፦ «የፋብሪካው እ/ኳስ ቡ/ በረኛ ሆኜ ተመርጫለሁ።»

«እ» ካለ በኋላ ጭረት፣ ከዚያ «ኳስ»፣ ከዚያ «ቡ» ብሎ ሌላ ጭረት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። «እኳስ» ነው? «እኳስቡ» የሰው ስም ይሆን? አያቴ በኩራት ያየኛል። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ዘለልኩትና «የፋብሪካው በረኛ ሆኜ ተመርጫለሁ» ብዬ አነበብኩ።

እኛ ልጆች በጨርቅ ኳስ ስንጫወት «ጎል ማን ይቁም?» ነበር የምንባባለው። በረኛ የምናውቀው የግቢ በር የሚጠብቀውን ሰው ብቻ ነው።

 አያቴ ድንጋይ አንስቶ ወንጭፉ ላይ አደረገና ወፍ በሌለበት በኩል ወረወረ።

በረኛ ለእሱ ምን እንደሆነ በኋላ ነው የነገረኝ። በንጉሡ ጊዜ ለመሬት ክርክር ወልድያ ሄዶ ከአንድ ባላባት በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀምጧል። በረኛው ጠዋት ተኝተዋል፣ ቀን ምሳ ላይ ናቸው፣ ማታ ደክሟቸዋል ይለዋል። በአሥራ አንደኛው ቀን ያመጣውን ማር ተቀብሎ በሩን ዘጋበት። አያቴ ባላባቱን ይቅር ብሎታል፤ በረኛውን ግን አላለውም።

«እኔ ደጅ የጠናሁበትን በር ልጄ ይዘጋዋል?» ብቻ አለኝ በዚያን ቀን። ከዚያም ይህ ነገር ከማማው እንዳይወርድ አስጠነቀቀኝ።

ከማማው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ለእኔ በረኝነት ውርደት መስሎ አልታየኝም። አባቴ ካልፈቀደ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንኳ መግባት እንደማይችል ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸው። አንዱ አላምን ሲለኝ መትረየስ ሰጥተውታል ብዬ ጨመርኩበት። በሳምንቱ ወሬው ቆቦን ዞሮ ሮቢት ደረሰ።

ንባቤም ከበሬታ አመጣልኝ። ውኃ መቅዳት ቀረልኝ። ከእሸቱ ወፍራሙ ዘለላ፣ ከጥንቅሹም ጣፋጩ ለእኔ ሆነ። አያቴ «የሞላ ዓይን ይኑርልኝ» እያለ ይመርቀኛል፤ ሞላ እኔ ነኝ። ያላወቀውን አውቃለሁ ብሎ የተመረቀ ሰው ምርቃቱ አይጥመውም ይባላል። ውሸት ነው፤ በጣም ይጥማል። ክፋቱም እሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ጥቅምት ውስጥ መጣ። እናቴ ከማማው ሥር አረም ትነቅላለች፤ እኔ ከላይ አነባለሁ፦ «ባለፈው እሑድ ከድሬዳዋ ከመጡት ጋር ግጥሚያ ነበረን። እስከ መጨረሻው በሬን አላስደፈርኩም ነበር። ሊያበቃ ሲል ግን ሁለት ገባብኝ። አንዱ በአናቴ ላይ አልፎ፣ ሁለተኛው በእግሮቼ መሐል ሾልኮ ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም።» ከዚህ ቀጥሎ «ተከ/» የሚል ነገር ነበር፤ እሱንም ዘለልኩትና ቀጠልኩ፦ «ጥለውኝ ወደ ፊት ሄደው ነበር።»

አያቴ ወንጭፉን አስቀመጠ።

«በአናቱ ላይ?» አለ። «ዘሎ ነው?»

«እንደሱ ይላል አባባ።»

«የግቢው አጥር ምን ያህል ቢያጥር ነው? እሺ፣ በእግሮቹ መሐል የገባውስ? ምን የሚያክል ሰውዬ ነው እሱ?»

እኔ አሰብኩበት። የድሬዳዋ ሌቦች ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያሠለጥኑት ድንክ ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም አልኩት። አያቴ ይህን በቁም ነገር ተቀበለው። ድሬዳዋ ባቡር ያለበት አገር ነው፤ ምን አይታጣበትም አለ። ጓደኞቹ ጥለውት መሄዳቸው ግን አንገበገበው። ራያ ሰው ጥሎ አይሄድም እያለ እስኪመሽ አጉረመረመ።

እናቴ ከሥር ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ተጎዳሁ ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው የገቡት ይግቡ» አለችና ወደ አረሟ ተመለሰች።

ወሬው ዋጃ ደረሰ። በኅዳር መጀመሪያ የእናቴ አባት አያ አራጋው ከዋጃ በበቅሎ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁ ማሽላውን የሚያነቃንቅ ይመስላል። ከበቅሎው ሳይወርድ ጀመረው።

«አባ ወዳጆ፣ እኔ ልጄን የሰጠሁት ለበሬ ነው እንጂ ለበር አይደለም።»

 አያ አራጋው ቀጠለ። ባልየው ከሄደ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው። ሲሄድ ምን ትያለሽ ብሎ ጠይቋታል? ከሄደስ ወዲህ አንድ ቀን ስለ እሷ ሐሳብ ልኳል? ሚስቱን የማይጠይቅ ባል ባል አይደለም። ማሽላው ይታጨድ፤ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ልጄን ወደ ቤቴ እወስዳለሁ አለ። እኔስ? እኔ የአባቴ ወገን ነኝና እዚሁ እቀራለሁ። ይህን የሰማሁት በቤቱ ጓሮ ቆሜ ነው። በዚያን ቀን የተሰጠኝን ጥንቅሽ መብላት አቃተኝ።

አያቴ በማግስቱ ወደ መምህር ታከለ ላከኝ። መምህር ታከለ የስፖርት አስተማሪያችን ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ደብረ ማርቆስ የተወ ሰው ነበር። አያቴ ያዘዘኝ «ለፈንታው ጻፍልኝ፤ በረኝነቱን ጥለህ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ና በልልኝ» ብሏል ብዬ እንድነግረው ነው። እኔም አባቴ ያለበትን ሁኔታ ያስረዳል ብዬ ሁለተኛውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው አያቴ አንገት ላይ ባለው የቆዳ ከረጢት ውስጥ ነበር።

መምህሩ መልእክቱን ሰምቶ ደብዳቤውን አነበበ። በእግሮቼ መሐል ሾልኮ የሚለው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። እኔ ስለ ድሬዳዋው ድንክ ሌባ ሳስረዳው ግን ወንበሩን ለቆ መሬት ተቀመጠ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ አባቴ የኳስ በረኛ እንደሆነ፣ ባለፈው ጥር የፋብሪካው ቡድን አውቶቡስ ቆቦ ላይ ተበላሽቶ ሳለ ከገበያው ጀርባ ከእነሱ ጋር ሲጫወት አሠልጣኙ እንዳየው፣ የገባው ሌባ ሳይሆን ኳስ እንደሆነ ነገረኝ። ቆቦ በሙሉ ያውቃል ብዬ ነበር አለ።

«ተከ» የምትለዋን አሳየሁት።

«ተከላካዮች ማለት ነው። ጭረቷ ቃሉ አላለቀም፣ ቀሪውን አንተ ሙላው ማለቷ ነው። መ/ቤት መሥሪያ ቤት፣ ወ/ሮ ወይዘሮ። እሽ?»

«እ/ኳስ?»

«እግር ኳስ።»

 መምህር ታከለ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተነሣ። እንዳይሄድ ለመንኩት። አየኝና ተቀመጠ።

«እኔ ከነገርኳቸው ዋሽቷል ትባላለህ» አለኝ። «አንተ ከነገርካቸው ተሳስቷል ትባላለህ። ምረጥ። ብቻ ከሽማግሌው በፊት ይሁን፤ እስከዚያ ለአባትህ አልጽፍም።»

መረጥኩ፤ ግን አልተናገርኩም። ዘጠኝ ቀን። ለልጆቼ ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። እናቴ ልትወሰድ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ማታ ማታ ልብሷን ስታጥፍ እያየሁ፣ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። የፈራሁት ዱላ አይደለም። አያቴ «የሞላ ዓይን» ማለቱን ይተዋል ብዬ ነው። በስድስተኛው ቀን ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ወረደና እኔ በሐሳብ ፈዝዤ ሳለ የማሳውን አንድ ጎን ጨረሰው። አያቴ ልጁ እናቱን እያሰበ ነው ብሎ ዝም አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሽማግሌው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እናቴ አገዳ ስታስር አጠገቧ ሄጄ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኳት። አገዳውን ለቀቀችው። አፏን በእጇ ይዛ ዝቅ ብላ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ድንኩስ?» አለች በመጨረሻ። «ድንኩም ኳስ ነው?»

«ኳስ ነው።»

ሳቋ ሲያልቅ ጆሮዬን ያዘች፤ ጠበቅ አድርጋ። «ያነበብከው በአባባ ፊት ነው። ወሬውን ያወጣኸው በሕዝብ ፊት ነው። ነገ እዚያው ሕዝቡ ፊት ቆመህ ታርመዋለህ» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከጎርፉ መውረጃ ዳር ባለው ግራር ሥር ነው። አምስት ነበሩ፤ ነገሩን የሚመራው ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ነው። አያ አራጋው ሁለት በቅሎ ይዞ መጥቷል፤ አንዷ ለራሱ፣ አንዷ ኮርቻ ተጭኖባት ለእናቴ።  ይህን እንዳየሁ ሳይጠሩኝ ወደ መሐል ገባሁና ተሳስቼ ነው ያነበብኩት አልኩ። አያቴ ቀና አለ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከከረጢቱ አውጣልኝ አልኩት። አወጣ። ተቀብዬ አነበብኩ፦ «የፋብሪካው እግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆኜ ተመርጫለሁ።» የበረኛውን ትርጉም፣ የድሬዳዋውንም ነገር አስረዳሁ።

 መጀመሪያ ያገገመው አያ አራጋው ነው።

«ኳስ?» አለ። «ይኸማ ከበረኝነቱ ባሰ። በረኛ እንኳ በር አለው። የሰው ባል፣ ሚስቱን ትቶ፣ ሲንከባለል ሊውል ነው የሄደው?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ስናገር ሁሉም ነገር የሚፈታ መስሎኝ ነበር። እውነት ግን ዘግይታ ስትመጣ እንደ እንግዳ ናት፤ የሚያስቀምጣት አታገኝም። አያቴ ወደ እኔ አላየም። መሬቱን በዱላው ይጭራል።

በዚህ መሐል አያ እንድሪስ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ወረቀቱን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ።

«ሞላ» አለኝ፣ «እኔ የማውቀው የቁርአኑን ፊደል ነው። ይኸን አላነብም። ቀለሙ ግን በኔ በኩልም ያው ሰማያዊ ነው። በዚህ በኩል ያለውን አንብበኸዋል?»

ገለበጥኩት። በታተመው ቅጽ ላይ፣ በክፍት ቦታዎቹና በመስመሮቹ መሐል፣ ያው የጸሐፊው የእጅ ጽሕፈት ተጨናንቆ ሞልቶታል። እኔ ሁሉም የቢሮ ነገር ነው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ሳላየው አልፌዋለሁ። ከፊተኛው ገጽ ግርጌ «ይገ/» የምትል ነበረች፤ ይገለበጥ ማለቷ ኖሯል።

ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳልዘል አነበብኩ።

«ይህን ለአለሚቱ ንገሩልኝ። የምንኖረው ካምፕ ውስጥ ነው፤ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል። ማንም ቤተሰቡን ማምጣት አይችልም፤ ግጥሚያ ባለበት ሳምንት ከግቢ መውጣትም የለም። ደመወዝ የሚወጣልኝ በጥበቃ ሠራተኛ ስም ነው፤ ለኳስ የሚከፈልበት መደብ የለም ብለውኛል። ስለዚህ ግጥሚያ በሌለበት ቀን የግቢውን በር እጠብቃለሁ። እስከ ጥር ቦታዬን ካላስነጠቅሁ ግን ከሠራተኞቹ ሰፈር አንድ ክፍል ይሰጡኛል፤ ያኔ መጥቼ እሷንና ሞላን እወስዳለሁ። አለሚቱ ይህን ኑሮ ካልወደደችው፣ ወይም እስከዚያ መቆየት ካቃታት፣ አንድ ቃል ትላክብኝ። በዚያው ቀን ጥዬ እመጣለሁ። ቃሏን እጠብቃለሁ።»

አባቴ በኋላ ስለዚያ ክፍል ነግሮኛል። ከሐረር የመጣ አንድ አጥቂ የልጁን ጫማ፣ አንዷን ብቻ፣ ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎ ነበር። እሑድ ሲያሸንፉ ሕዝቡ ተሸክሟቸው ይዞራል፤ ማታ ክፍላቸው ሲገቡ እንዴት ዋላችሁ የሚል የለም። ስምንቱም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፣ ለቀልድ፣ እንደ ሚስት ድምፃቸውን አቅጥነው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ የእናቴን ቃል ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥያቄውን ሳላነበው አያቴ ከረጢት ውስጥ አስቀርቼዋለሁ።

አያቴ መጀመሪያ የያዘው የበሩን ነገር ነው። «እንግዲህ የግቢ በረኛም ነው» አለ። «ልጁ ስቶ ሳለ እውነቱን ነግሮን ኖሯል።» ከዚያ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ፤ እየሳቀ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት። አያ አራጋው ብቻ አልሳቀም።

«ጠይቋታል» አለ ለራሱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ከነሐሴ ጀምሮ ጠይቋታል።»

አያ እንድሪስ እጁን አነሣ። «ወላሂ፣ ባልየው አላጠፋም። መልስ የነሳነው እኛ ነን። አለሚቱ፣ ነይ ወዲህ፤ ሽማግሌውም ዳኛውም ዛሬ አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች። አባቷን አየችው፤ ኮርቻ የተጫነባትን በቅሎም አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወረቀት አለህ?»

ከደብተሬ ገነጠልኩ።

«ጻፍ። ያዝ በለው።»

ጻፍኩና ጠበቅሁ። «ሌላስ?»

«አንድ ቃል አይደለም ያለው?»

አያ እንድሪስ ኳሱን ያዝ ማለቷ ነው ብሎ ሳቀ። አያቴ የለም፣ ቦታህን ያዝ ነው አለ። እሷ አልተረጎመችላቸውም፤ ፎጣዋን አስተካክላ ወደ አገዳዋ ሄደች።

 አያ አራጋው መጥቶ ብብቴ ሥር ያዘኝና ለእናቴ ባመጣት በቅሎ ኮርቻ ላይ አስቀመጠኝ። እሱ በራሱ በቅሎ፣ እኔ በእናቴ በቅሎ፣ እስከ አስፋልቱ ሄድን። ወደ ደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ሲመጣ መንገዱ መሐል ገብቶ ዱላውን አነሣ። ሾፌሩ እየተቆጣ ቆመ። አያ አራጋው የፋብሪካውን ስም ሁለት ጊዜ አስደግሞት ወረቀቱን በመስኮቱ አስገባለት።

«ለአማቼ ነው፤ ፈንታው ወዳጆ» አለው። «እዚያ በረኛ ነው።»

ሾፌሩ ወረቀቱን ኪሱ እየከተተ ጠየቀ። «የግቢው በረኛ ነው ወይስ የኳሱ?»

«ሁለቱም ጋ ሂድ» አለው አያ አራጋው። «የምታገኘው እሱን ነው።»